በካርጎ አውሮፕላን ዕቃ ሲያስጭኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካርጎሉክስ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ፣ መናኸሪያውን በሉክሰምበርግ ፊንደል አውሮፕላን ማረፊያ ያደረገ የጭነት አየር መንገድ ነው። መንገደኛ አይጭንም፤ የቦይንግ 747-8 የጭነት አውሮፕላንን በ2011 ከሁሉም ቀድሞ የተረከበው እርሱ ነው። እንዲህ ባለ አየር መንገድ ዕቃ የሚልክ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው አውሮፕላኑን ሳያየው፣ ገና ዕቃውን ሲለካና ሰነዱን ሲሞላ ነው።

ኪስ የሚጎዳው የመጀመሪያው ስህተት ሚዛንን ብቻ ማመን ነው። የአየር ጭነት የሚከፈልበት ከክብደቱና ከሚይዘው ቦታ በበለጠው ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ይባዙና ለ6000 ይካፈላሉ። 120 በ100 በ150 የሆነ ሣጥን ሚዛን ላይ 90 ኪሎ ቢመዝንም ሒሳቡ የ300 ኪሎ ነው። ቀሪው 210 ኪሎ የባዶ ቦታ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ማሸጊያውን አሥር ሳንቲ ሜትር ማሳጠር ከዋጋ ክርክር የበለጠ ያተርፋል።

ሁለተኛው በፎቶግራፍ መታለል ነው። የ747 አፍንጫ ወደ ላይ ሲከፈት ያየ ሁሉ፣ የማይገባ ነገር የለም ብሎ ያስባል። ነገር ግን የአብራሪዎቹ ክፍል ከላይ ስለተቀመጠ በዚያ በር የሚገባው ዕቃ ቁመት ከ2.5 ሜትር በታች ነው። እስከ 3 ሜትር የሚደርስ ዕቃ የሚገባው በጎን በር ነው። አፍንጫው የተሠራው ለረጅም ዕቃ ነው፤ ለቧንቧ፣ ለምሰሶ።

የጭነት አውሮፕላን ሁሉን ይሸከማል ማለትም ስህተት ነው። ከመሣሪያ ጋር ሳይሆን ብቻቸውን የሚላኩ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች ከ2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነትነት አይሄዱም። በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን ቻርጃቸው ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ሰነዱ ላይ «መለዋወጫ» ብሎ ብቻ መጻፍስ? ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ የአየር ጭነት መረጃ ከመጫኑ በፊት ለጉምሩክ ይላካል። የምን መለዋወጫ እንደሆነ ያልተገለጸ ዕቃ መቆሙ አይቀርም።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ በአውሮፓ ውስጥ «የአየር ጭነት» የተባለው ብዙ ጊዜ በከባድ መኪና ይጓዛል። ሰነዱ የበረራ ቁጥር ይዞ፣ ዕቃው ከአምስተርዳም እስከ ሉክሰምበርግ አስፋልት ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሲያሽጉ የመንገድ ንዝረትንና ዝናብን ያስቡ።

በመጨረሻ፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱ «በደህና ተረክቤአለሁ» ብለው አይፈርሙ። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የጉዳት አቤቱታ በጽሑፍ የሚቀርበው በ14 ቀን ውስጥ ነው። ካሳውም ቢሆን ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 SDR ነው፤ SDR የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ዋጋው አስቀድሞ በልዩ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ አሥር ኪሎ የሚመዝን የሕክምና መሣሪያ ቢሰበር ካሳው 260 SDR ላይ ይቆማል።