የጭንቅላት ዕጢ ኤምአርአይ ላይ ደጋግማችሁ የምትሳሳቱት

ሪፖርት ለምትጽፉት ነው፤ ከቀለበቱ ልጀምር፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ማብሪያ መድኃኒት) ተሰጥቶ ዳር ዳሩ አብርቶ መሃሉ የጠቆረ ነገር ባያችሁ ቁጥር «ግሊዮብላስቶማ» (ክፉ የአንጎል ካንሰር) ብላችሁ አትጻፉ! መግል የቋጠረ ኢንፌክሽንም ቀለበት ይሠራል። ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰርም፣ ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው የጥገኛ ተሕዋስ ኢንፌክሽንም ይሠራል። ቲቢም እንዲሁ፤ እኛ አገር ደግሞ ቲቢ መጨረሻ ላይ ትዝ የሚል ነገር መሆን የለበትም። ዲፊውዥኑን፣ የውሃን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ምስል፣ ክፈቱ። መሃሉ እዚያ ላይ ቦግ ብሎ ኤዲሲው (ከዲፊውዥኑ የሚሰላው ምስል) ላይ ከጠቆረ መጀመሪያ መግል ጠርጥሩ፤ መግል ወፍራም ስለሆነ ውሃው እንደልቡ አይንቀሳቀስም። የሞተ ዕጢ መሃል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ታያላችሁ። ኤዲሲን ሳያዩ በዲፊውዥን ብቻ መፍረድም ያው ጣጣ ነው፤ ቲ2 (ፈሳሽ የሚያበራበት ምስል) ላይ በጣም የሚያበራ ነገር እዚያም ያበራል።

አንድ ወጣት «ክፉ ዕጢ ነው» ተብሎ፣ ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ መጣ። የምርመራ መጠየቂያው ላይ «ራስ ምታት» ብቻ ተጽፏል። ጆሮው ለወራት መግል ሲያወጣ እንደነበር የጠየቀው የለም። ቀለበቱ ያለው ቴምፖራል ሎብ (ከጆሮ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል) ላይ ነው፣ ከሥሩ ማስቶይዱ (ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት) በፈሳሽ ተሞልቷል፣ ኤዲሲውም እዚያው ፋይሉ ውስጥ ጥቁር ብሎ ተቀምጧል። ያየው ግን የለም። ልጁ የሚያስፈልገው መግሉን ማስወጣትና አንቲባዮቲክ ነበር።

ከኮንትራስት በፊት የተነሳውን ቲ1 የሚባለውን ምስል አትዝለሉ። ደምና ስብ ያለ ኮንትራስትም ሊያበሩ ይችላሉ፤ እሱን ካላያችሁ ኮንትራስቱ ያበራው ይመስላችኋል።

ማብራትና ክፋት አንድ አይደሉም። ሜኒንጂዮማ (ከአንጎል ሽፋን የሚነሳ ዕጢ) እንደ አምፖል ያበራል፣ አብዛኛው ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ምንም የማያበራ ግሊዮማ (ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሳ ዕጢ) ደግሞ «ቀላል ነው» ተብሎ ተጽፎለት ከፍተኛ ደረጃ (ክፉ) ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ወዲህማ አይዲኤች የሚባለው ጂን መለወጥ አለመለወጡ በናሙና ሳይታወቅ የአዋቂ ግሊዮማ ስም አይሞላም፤ ስለዚህ ሪፖርት ላይ ደረጃ ቆርጣችሁ አትስጡ።

ዕጢው አንጎል ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ሆኖ አንጎሉን እየገፋ? ስም ከማውጣታችሁ በፊት ይህን መልሱ። በዕጢውና በአንጎሉ መካከል ቀጭን የፈሳሽ መስመር ካለ ከውጭ ነው።

የመጨረሻው ለሐኪሞቹ ነው። ሊምፎማ (የነጭ የደም ሕዋስ ካንሰር) ከተጠረጠረና በሽተኛው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፣ ባዮፕሲ (የዕጢው ናሙና) ሳይወሰድ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ አትጀምሩ። ዕጢው ሟሽሾ ሊጠፋ ይችላል፤ ናሙናውም ምንም ሳይናገር ሊመለስ ይችላል። ከዚያ ዕጢው ተመልሶ ይመጣል፣ እኛም ከዜሮ እንጀምራለን።