ሽሪምፖቼን በጽዳት ገደልኳቸው

የመጀመሪያዎቹን አሥር ቼሪ ሽሪምፖች (በመስታወት የውሃ ገንዳ ውስጥ የሚረቡ ትንንሽ ቀይ የውሃ እንስሳት) ያመጣሁት ቅዳሜ ዕለት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ቀሩ። ገንዳው ግን ያበራል። ጠጠሩ ታጥቧል፣ መስታወቱ ተወልውሏል፣ ውሃው በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። «ምን አጎደልኩባቸው?» ብዬ አዘንኩ። ለካ ያንን ሁሉ ጽዳት ባላበዛባቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር። በኋላ ብዙ ጀማሪ በዚያው መንገድ ሲሄድ ስላየሁ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ላውራችሁ። የማወራው ስለ ቼሪ ነው። ክሪስታል የሚባሉት ዝርያዎች አሲድነት ያለውና ማዕድኑ የሳሳ ውሃ ስለሚፈልጉ የእነሱ ነገር ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ጥድፊያ ነው። ገንዳውን ዛሬ ሞልቶ ሽሪምፑን ነገ መጨመር። ከኩሳቸውና ከምግብ ትርፍራፊ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እስከ 20 ሚሊ ግራም በሊትር ድረስ ብዙም አያስፈራም። ባክቴሪያዎቹ እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ እስኪሆኑ ሽሪምፕ አታስገቡ። እኔ አሁን ሁለት ወር እጠብቃለሁ፤ ምክንያቱም ሽሪምፕ ቀኑን ሙሉ የሚለቃቅመው በመስታወቱና በቅጠሉ ላይ የሚያድገውን ስስ ሽፋን ነው። አዲስ ገንዳ ለእሱ ባዶ ማዕድ ነው። ስፖንጁን ደግሞ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ የቧንቧ ውሃን ሳያውቁ ማመን። አዲስ አበባ ሳድግ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለነበር በርሜልና ጀሪካን ሞልቶ ማሳደር ልማዳችን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከመጣሁም በኋላ የሽሪምፕ ውሃ በባልዲ አሳድር ነበር፤ ክሎሪኑ ይተናል ብዬ። ክሎሪን እውነትም ይተናል። የዚህ ከተማ ውሃ ግን ከፖቶማክ ወንዝ ተጣርቶ ከ2000 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሃዱበት) ነው፤ ይሄ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይለቅም። በየዓመቱ በመጋቢት ገደማ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ። ስለዚህ የሰፈራችሁ ውሃ በምን እንደሚታከም ጠይቁ፣ ለክሎራሚንም የሚሠራ ማርከሻ ግዙ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ እርሱት። ሙቅ ውሃ ከመዳብ ቱቦ ብዙ መዳብ ያሟሟል፤ መዳብ ሽሪምፕን ይፈጃል። የዓሣ መድኃኒት ስትገዙም መዳብ እንዳለበትና እንደሌለበት ጀርባውን አንብቡ።

ሦስተኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ መቀየር። ሽሪምፕ የሚያድገው እባብ ቆዳውን እንደሚጥል ቅርፊቱን እየጣለ ነው። ግማሹን ውሃ ስትቀይሩበት ሙቀቱም ማዕድኑም በቅጽበት ይለዋወጣል፣ እሱም ሳይዘጋጅ ቅርፊቱን ለመጣል ይገደዳል። ከአንገቱ በታች ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ካያችሁ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ መውጣት አቅቶታል ማለት ነው። ከዚያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በሳምንት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃል፤ ሙቀቱን አስተካክሎ፣ በቀስታ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ብልሃት አለ። ውሃ ሲተን ማዕድኑ ወደ ኋላ ይቀራል። የጎደለውን ሁልጊዜ በቧንቧ ውሃ ከሞላችሁት ማዕድኑ ይከማቻል። የተነነውን በተጣራ፣ ማዕድን በሌለው ውሃ ተኩት። ገንዳውን በሙሉ በእሱ መሙላት ግን ሌላ ሞት ነው፤ ቅርፊት የሚሠራው ከካልሲየም ነው። በውሃ መመርመሪያው ጂኤች የሚባለው (የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን መለኪያ) ከ6 እስከ 10፣ ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ቼሪ ይስማማዋል። ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 7.8 ሆኖ ከጸና ተዉት። 7 ካልሆነ ብላችሁ ኬሚካል ስትጨምሩ የሚወዛወዘው ውሃ ነው የሚገድለው።

አዲስ ሽሪምፖች ሲመጡ ከላስቲኩ ወደ ገንዳው መዘርገፍም ያው ነው። በቀጭን ቱቦ ላይ ቋጠሮ አስራችሁ የገንዳውን ውሃ ወደ እነሱ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል። የላስቲኩን ውሃ ወደ ገንዳው አትገልብጡ።

ምግብ ላይ እኛ ሐበሾች እንፈተናለን። «ብሉልኝ» ማለት እንወዳለን። አሥር ሽሪምፕ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ምግብ በሁለት ቀን አንዴ ትበቃቸዋለች። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተረፈውን አውጡ፤ ከበሰበሰ ተመልሶ አሞኒያ ነው። የተቀቀለ ጎመን ይወዳሉ፤ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ሳይነካው ታዲያ! የጣሉትን ባዶ ቅርፊት ግን የሞተ መስሏችሁ አታውጡባቸው። ይበሉታል፤ ማዕድኑን መልሰው ያገኙታል።

ፍሊት ደግሞ ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋም። ሽሪምፕ ለበረሮው የተባለውን መርዝ ከበረሮው እኩል ይቀምሳል። ቅባት ወይም ሽቶ የነካ እጅም ወደ ውሃው አይግባ።

ይህን ሁሉ ትቼ ውሃውን ዝም ስለው ከሦስቱ አንዷ ሆዷ ሥር ቢጫ እንቁላል ታቅፋ አየኋት። ለመፈልፈል ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈጃል። ልጆቹ ሲወጡ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ፊልተሩ ስቦ ይውጣቸዋል። እንቁላሉን እንዳያችሁ የፊልተሩን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑት።