እግርን ተላጭቶ ብስክሌት መንዳት፦ የጅማ አማተሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቴሌቪዥን የምናያቸው የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች እግራቸው ላይ ፀጉር አይታይም። በትርፍ ጊዜው ከጅማ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ የሚነዳ ሰውስ መላጨት አለበት? ግዴታ የለበትም። ካሰኘው ደግሞ ምላጩን ትቶ በቶንዶስ ቢያሳጥረው ይሻላል። ስህተቱ የሚበዛው በመላጨትና ባለመላጨት አይደለም፤ ለምን እና እንዴት የሚለው ላይ ነው።

ለፍጥነት ብሎ መላጨት

ስፔሻላይዝድ የተባለው ብስክሌት አምራች በ2014 እ.ኤ.አ. በራሱ የነፋስ መሞከሪያ ክፍል ስድስት ጋላቢዎችን ከመላጨታቸው በፊትና በኋላ ለክቶ፣ ለብቻ ከሰዓት ጋር በሚደረግ የ40 ኪሎ ሜትር ውድድር መላጨት ከ50 እስከ 82 ሰከንድ ያተርፋል ብሏል። ከዚያ ቀደም በ1980ዎቹ በሰው ሠራሽ እግር ላይ የተደረገ ልኬት ያገኘው ግን 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር። ትልቁን ቁጥር እንቀበል ቢባል እንኳ፣ ቁጥሩ የተገኘው ብቻውን ተጎንብሶ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ነው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አየሩ የሚወስድበት ኃይል 40 ከሚነዳው አንድ ስምንተኛ ነው፤ እግሩን በመላጨት የሚያተርፈው ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ደግሞ የሚታገሉት ከክብደትዎ ጋር ነው። ፍጥነት ከፈለጉ መጀመሪያ ነፋስ የሚያርገበግበውን ሰፊ ጃኬት ይቀይሩ፣ የጎማውን ንፋስ ይሙሉ፣ ሰንሰለቱን ያጽዱ። እነዚህ ሳይደረጉ ምላጭ ማንሳት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

መላጨት ከቁስል ያድናል ብሎ ማሰብ

አያድንም። የተላጨም ያልተላጨም እግር አስፋልት ላይ እኩል ይላላጣል። ጥቅሙ የሚመጣው ከወደቁ በኋላ ነው፦ ጠጠርና ቀይ አፈር ከቁስሉ ውስጥ በቀላሉ ይታጠባል፣ ፕላስተር ሲነሳ ፀጉር አብሮ አይነቀልም፣ ማሳጅ የሚያደርግልዎ ሰውም ፀጉርዎን አይጎትትም። ክረምት ላይ ጭቃ አስፋልቱን ሲሸፍነውና ባጃጅ ከፊትዎ ድንገት ሲቆም መውደቅ ሩቅ ስላልሆነ፣ ትክክለኛው ምክንያት ይሄ ነው። ለዚህ ግን ፀጉሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ማጠሩ ይበቃል።

ከወደቁ በኋላ ቁስሉን ለማጽዳት ብለው ዙሪያውን በምላጭ አይላጩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቀዶ ጥገና እንኳ በምላጭ መላጨትን አጥብቆ ከልክሏል፤ ፀጉሩ የግድ መነሳት ካለበት በማሽን ይከርከም ነው ያለው። ምላጭ ለዓይን የማይታይ ጭረት ትቶ ለጀርም በር ስለሚከፍት ነው። ረጅም ፀጉር ቁስሉ ውስጥ ከገባ በንጹሕ መቀስ ያሳጥሩት፤ ከዚያ በሚወርድ ንጹሕ ውኃና በሳሙና አፈሩ እስኪወጣ በደንብ ይጠቡ፣ ስስ ቫዝሊን ቀብተው በጎዝ ይሸፍኑ። የቴታነስ ክትባት ከወሰዱ ቆይተው ከሆነ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የቡና አገር ነውና ይህም ይነሳ፦ ደም ለማቆም የቡና ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስ ይቅር። ዱቄቱ ራሱ መታጠብ ያለበት ሌላ ቆሻሻ ይሆናል። ደሙ የሚቆመው በንጹሕ ጨርቅ ሳያነሱ 10 ደቂቃ ሲጫኑት ነው።

ጠጉረ ጥቅል ሆኖ ምላጭን እስከ ሥሩ ማስጠጋት

ብዙዎቻችንን የሚመለከተው ስህተት ይህ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳ በታች ሲቆረጥ ጫፉ ይሾልና ሲያድግ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ውጤቱ የሚያሳክክ እብጠት፣ ቆይቶም ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ጠባሳው ከፍ ብሎ የሚያብጥበት ሰው ምላጭንም ዋክስንም (ፀጉር የሚነቅል ሰም) ባይሞክር ይመረጣል።

ቶንዶስ ይህን ችግር አያመጣም ለማለት ይቻላል፤ ፀጉሩን ከቆዳ በላይ ትቶት ይሄዳል። በደረቅ እግር ላይ 3 ሚሊ ሜትር በሚተው ማበጠሪያ ይጀምሩ። በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ መድገም በቂ ነው።

ምላጭ ካልሆነ አይሆንም ካሉ፣ አስቀድመው በቶንዶስ ያሳጥሩ፤ ረጅም ፀጉር ምላጩን ወዲያው ይደፍነዋል። እግርዎን በሞቀ ውኃ ለ5 ደቂቃ ያርሱ፣ አረፋ ይቀቡ፣ በአዲስ ምላጭ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች፣ ሳይጫኑና ቆዳውን ሳይወጥሩ ይላጩ። በየሁለት ሦስት ጭረቱ ምላጩን ያለቅልቁ፤ በአንድ ቦታ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመለሱ። አምስት ስለት ከተደረደረበት ይልቅ ባለ አንዱ ይሻላል፤ ባለብዙው ፀጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ይቆርጣል። ጉልበት ላይ እግርዎን በመጠኑ አጠፍ ያድርጉ። ቅልጥምና ቁርጭምጭሚት ላይ ቀስ ይበሉ፤ አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ የሚቆረጡት እዚያ ነው። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውኃ ተለቃልቀው ሳይፈትጉ ያድርቁና ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡ። አልኮል ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም።

ምላጭ መዋዋስ

አብረው ከሚነዱት ጓደኛ ጋርም ቢሆን አይቻልም። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤችአይቪም ደም በነካው ምላጭ ሊተላለፉ ይችላሉ። ፀጉር ቤት ከሄዱ ምላጩ ከነማሸጊያው ፊትዎ ይከፈት፤ ቶንዶሱም በአልኮል ሲጸዳ ይዩ። የራስዎንም ምላጭ እርጥብ ሻወር ቤት አይተዉት፤ በጅማ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል።

ሊነዱ በሚወጡበት ጠዋት መላጨት

አዲስ የተላጨ ቆዳ ላብ፣ ጭቃና ጠባብ ቁምጣ ሲያገኘው የፀጉሩ ሥር ይቆጣል። ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት፣ ማታ ይላጩ። እሑድ ለሚነዳ ሰው ዓርብ ማታ ጥሩ ነው።

ኮርቻ እስከሚነካው ድረስ መውጣት

ቁምጣው ከሚያልቅበት አራት አምስት ጣት ከፍ ብለው ያቁሙ። ብሽሽትና መቀመጫ አካባቢ ያለው ፀጉር ፍትጊያን ይቀንሳል፤ ሲላጭ የኮርቻ ቁስል ይብሳል። ከ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በፊት የብሪታንያ ሴት ብስክሌተኞች በዚያ አካባቢ መላጨትና ዋክስ ማድረግ እንዲያቆሙ ባለሙያዎቻቸው የመከሯቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፀጉር ማንሻ ክሬምን በደንብ ይሥራ ብሎ ማቆየት

ፀጉር የሚያሟሟው ኬሚካል ቆዳንም ያቃጥላል። ከአንድ ቀን በፊት ባትዎ ላይ ትንሽ ቀብተው ይሞክሩ፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አይለፉ። የተቧጠጠ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይቀቡ።

ወፍሮ ይመለሳል ብሎ መፍራት

አይወፍርም። ምላጭ የፀጉሩን ሥር አይነካም። የተቆረጠው ጫፍ ደልደል ስለሚል ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ያ ብቻ ነው። መላጨቱን ፈልገው የሰው ወሬ ከከበድዎት ረጅም ታይት አለ፤ ለጠዋት ብርዱም ይሆናል።

እብጠቱን በመርፌ መጎርጎር

ፀጉሩ ወደ ውስጥ አድጎ ካበጠ መጎርጎሩ ጠባሳና ኢንፌክሽን ያመጣል። መላጨቱን ለሦስት አራት ሳምንት ያቁሙ፤ በሞቀ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያስቀምጡበት። ፀጉሩ ራሱ ብቅ ካለ በንጹሕ ወረንጦ ጫፉን ከቆዳው ያላቅቁ እንጂ አይንቀሉት። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ በቀለሙ አይተማመኑ፦ ቦታው ከሞቀ፣ እብጠቱ ከሰፋ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለዎት ብስክሌቱን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።