ከፍ ላለ መደብ አፈሩን ከየት እናምጣ?

ከፍ ያለ መደብ ማለት አፈር ተሞልቶበት አትክልት የሚተከልበት ሳጥን ነው። ሳጥኑን መሥራት ቀላል ነው። ጥቂት ጣውላ፣ ጥቂት ምስማር፣ አለቀ። ዋናው ሥራ የሚሞላው አፈር ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን ጉልበቱንም ገንዘቡንም ሳጥኑ ላይ ይጨርስና አፈሩን "ጥቁር ከሆነ ይበቃል" ብሎ ያገኘውን ይደፋበታል። እኔም የመጀመሪያውን መደቤን የሞላሁት ከሰል በመሰለ ጥቁር አፈር ነበር፤ ሁለቴ ዝናብ መትቶት ሲደርቅ ጣት እስኪያስገባ ተሰነጣጠቀ፣ ካሮቱም ወደ ታች መውረድ አቅቶት ተጠማዞ ቀረ።

መጀመሪያ መጠኑን አስሉ። ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በከፍታ ነው። 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ 0.6 ሜትር ኩብ አፈር ይወስዳል። አዲስ አፈር ሲረጋ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ትርፍ ያዙ። ከመሙላታችሁ በፊት ከሥር ያለውን መሬት በዶማ ቆፍሩት፣ ሥሮቹ ወደዚያም ይወርዳሉ።

አፈር ከማስጫናችሁ በፊት ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት። እፍኝ ያዙ፣ ትንሽ ውሃ ነካ አድርጉበትና ጨብጡት። ተያይዞ ቆይቶ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ ሸክላ በዝቶበታል፤ ጨርሶ ካልተያያዘ ደግሞ አሸዋ ነው። አሽትቱትም። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውሃ ተኝቶበት አየር ያጣ አፈር ነው። ለቤት መሠረት ከጥልቅ የተቆፈረ አፈር በነፃ ቢሰጧችሁም አትቸኩሉ፣ ለምነቱ ያለው ከላይኛው የአፈር ንብርብር ነው። ከአሮጌ ቀለም የተፋቀበት ግድግዳ ሥር ወይም መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር የተዛቀ አፈር ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ለሚበላ ነገር ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ይበልጥ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ግልጽ ጠርሙስ አምጡ። ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉት፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩና በደንብ ናጡት። ከዚያ አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ታች ይቀመጣል፣ ደለሉ (ከአሸዋ የላመው፣ ከሸክላ የሻከረው) በጥቂት ሰዓት ይከተላል፣ ሸክላው ግን ውሃውን እንዳደፈረሰ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። ሦስቱን ንብርብር በማስመሪያ ለኩ። ሸክላው ከሲሶ ካለፈ እኔ ሌላ አፈር እፈልጋለሁ።

ቅልቅሉ ቀላል ነው፦ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት (ከበሰበሰ ቅጠላ ቅጠልና ተረፈ ምርት የተሠራ ማዳበሪያ)። ኮምፖስት ብቻውን አትሙሉ፤ እየበሰበሰ ሲሄድ መደቡ ይጎድላል፣ ጨውና ፎስፈረስም ይበዛበታል። ሸክላ አፈርን ለማላላት ጥቂት አሸዋ መጨመርም አያዋጣም፣ ጭራሽ እንደ ጡብ ሊደርቅባችሁ ይችላል። የሚያላላው ኮምፖስት ነው።

ፍግ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም ይኖሩታል። ሲነኩት የማይሞቅና የአሞኒያ ሽታው የጠፋ ይሁን። ሌላም አለ። ሣር ላይ የሚረጩ አንዳንድ ፀረ አረሞች በከብቱ ሆድ አልፈው በፍጉ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ፤ ፍጉ በስብሶ አፈር ቢመስልም መርዙ አለ። ስለዚህ ሦስት ኩባያ በፍጉና በአፈር ቅልቅል፣ ሦስት ኩባያ ደግሞ በምታምኑት አፈር ሞልታችሁ ሁሉም ላይ ባቄላ ዝሩ። ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቁ። ፍግ ያለበት ላይ አዲሶቹ ቅጠሎች እንደ ማንኪያ ተጠቅልለው ግንዱ ከተጣመመ፣ ያንን ፍግ ወደ መደባችሁ አታስገቡ። ሦስት ሳምንት መጠበቅ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ፤ የተበከለ መደብ ማጽዳት ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ከሞላችሁ በኋላ መደቡን አትርገጡት። ከ1.2 ሜትር የማይበልጥ ወርድ ከሰጣችሁት ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሃል ይደርሳል። ላዩን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙት። የእንጨት ፍቅፋቂም ይሆናል፣ ግን ከላይ ብቻ። ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ስለሚሻማ ችግኙ ቢጫ ይሆናል። በየዓመቱ ከመትከላችሁ በፊት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት ከላይ አልብሱት። መቆፈር አያስፈልግም፣ ወደ ታች የሚያወርዱት ትሎቹ ናቸው።