የበሩ ቀለም ምን ነበር? ስለ ትውስታ የሙከራ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ

«አስታወስኩ» ስንል ሥራው የእኛ ነው፤ ፈልገን፣ ቆፍረን ያወጣነው ነገር አለ። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን ነገሩ ራሱ መጥቶብን ነው። ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ፊልማችሁ የትኛው እንደሆነ ወስኑ። አንደኛው ፍለጋና ጥያቄ ያለበት ይሆናል፤ ሌላው ሳይጠሩት ብልጭ እያለ የሚጠፋ። የተማሪ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ ሳይለይ ድሮን በተዋናይ ለመድገም ሲሞከር ነው፤ አሮጌ ልብስ ተከራይቶ፣ ምስሉን ቡናማ አስመስሎ። ያ ስለ ድሮ የተሠራ ድራማ ነው። ስለማስታወስ ግን ምንም አይነግረንም።

እኔ የሠራሁት የፍለጋውን ዓይነት ስለሆነ የራሴን የስድስት ደቂቃ ፊልም እንደ ምሳሌ ይዤ ልሂድ።

ትንሽ ነገር ምረጡ

«የአያቴ ሕይወት» ስድስት ደቂቃ ውስጥ አይገባም። «የአያቴ ቤት በር» ይገባል። አያቴ የኖሩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ሄደ፤ እሳቸው ኮንዶሚኒየም ገቡ። የቀረን አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበታል። በሩ ይታያል፤ ቀለሙን ግን ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። እናንተም እንዲህ በማስረጃ የማይዘጋ ትንሽ ጥያቄ ፈልጉ።

አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ቅረጹ

የካምብሪጁ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች ያነበቡትን የባዕድ አገር ተረት ደጋግመው ሲናገሩ ታሪኩ እያጠረና ለእነሱ ወደሚቀርብ ነገር እየተለወጠ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ታንኳው ሳይታወቅ ተራ ጀልባ ይሆናል። ለፊልም ሠሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ጥያቄ፣ ቢያንስ በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ጠይቁ። ባለፈው ያሉትን አታስታውሷቸው፣ አታርሟቸውም።

«ስለ ድሮው ይንገሩኝ» ካላችሁ የምታገኙት «ድሮማ ፍቅር ነበር» የሚለውን ነው፤ ለእንግዳ ሁሉ የሚነገረውን። እጅና እግርን ጠይቁ። «ሲገቡ እግርዎ መጀመሪያ ምን ይረግጥ ነበር?» «መቀርቀሪያው በየት በኩል ነበር?» አያቴ በመጀመሪያው ቀን በሩ ሰማያዊ ነው አሉ። በሁለተኛው አረንጓዴ። በሦስተኛው ተናደዱብኝ፦ «በሩ መች ተዘግቶ ያውቅና ነው ቀለሙን የማየው!» የፊልሙ ሦስት ክፍል በዚያው ተገኘ።

ቤቱን መሬት ላይ አስምሩ

ከሁሉም የምመክረው ይህን ነው። ቤቱ ከሌለ ባዶ ቦታ ፈልጉ፤ ለእግር ኳስ ሜዳ የሚሰመርበትን ዓይነት ኖራ ያዙና ባለታሪኩ እየመሩ ግድግዳውን እንዲያሰምሩ አድርጉ። ከዚያ «ግቡ» በሏቸውና ካሜራውን ከሩቅ፣ በትሪፖድ ላይ ዝም ብላችሁ ተዉት። አያቴ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ በኖራው መስመር ገብተው፣ ሳሎኑን አልፈው፣ ጓዳው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። ባዶ አየር ላይ። የጓዳው ጉበን ዝቅ ያለ እንደነበር በሦስቱም ቃለ መጠይቅ አንድም ጊዜ አላነሱትም፤ አንገታቸው ግን አልረሳውም። እንዲህ ያለውን ቀረጻ ድገሙልኝ ብትሉ አይደገምም፤ ስለዚህ ባትሪውን ቀድማችሁ ሙሉ።

ድምፁን ከምስሉ አስቀድሙ

ድምፅ ለብቻው ቅረጹ፤ ካሜራ ሲኖር ሰው ነጠላውን ማስተካከል ይጀምራል። ስልክ ይበቃል፤ በበረራ ሁነታ ላይ ሆኖ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ። ማቀዝቀዣውን ንቀሉ (መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ፣ እኔ የአያቴን ወተት አበላሽቻለሁ)። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ሲያበቃ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ በኤዲቲንግ ጊዜ ንግግር የቆረጣችሁበትን ቦታ የምትሞሉት በእሱ ነው።

ካሜራ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስልኮች ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሚቀርጹ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የስልካችሁ ካሜራ ካልፈቀደ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ይፈቅዳል።

ፎቶውን ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ከጎን አንሱት፤ ስንጥቁና የጣት አሻራው ይውጣ። ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ ብላችሁ አትስጉ። የፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ የክሪስ ማርኬር «ላ ዠቴ» (እ.ኤ.አ. 1962) 28 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ከአንዲት አጭር ቀረጻ በቀር በሙሉ የቆሙ ፎቶዎች ናቸው። የሰርግ የቪዲዮ ካሴት ካላችሁም ወደ ፋይል ስታስገለብጡ የሚታየውን መስመርና መንቀጥቀጥ አታጽዱት።

መንገድ ላይ ለመቅረጽ ከትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ቅጂውን ሳይሆን ማኅተም ያለበትን።

ኤዲቲንግ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም በነፃው ቅጂ ለዚህ ሥራ ይበቃል። አንድ ሕግ ብቻ ልስጣችሁ፦ ድምፁ የሚለውን ምስሉ አይድገም። አያቴ «ሰማያዊ» ሲሉ ሰማያዊ ነገር አላሳየሁም፤ ያሳየሁት ኖራ የነካው ጫማቸውን ነው። ሌላው መሣሪያ መደጋገም ነው። ያንኑ ቀረጻ ሦስት ጊዜ አምጡት፤ በየጊዜው አንድ ነገር ይጉደልበት፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ መጨረሻው።

በስሎው ሞሽን፣ ምስልን ነጭ አድርጎ በማደብዘዝና ከሁሉ በላይ በክራር ትዝታ አትታለሉ። የትዝታ ቅኝት ገና የመጀመሪያው ክር ሲነካ ተመልካቹን ያስተክዘዋል፤ ፊልማችሁ ግን ያን ጊዜ ምንም አልሠራም። የታተመ ዘፈን ከሆነ ደግሞ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የኔ ፊልም ሙዚቃ የለውም፤ የጀበና መንተክተክና የጎረቤት ሬዲዮ ነበረው፣ ሬዲዮውንም በኋላ ያወጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈቃድ ስል፣ የባለታሪኩም አለ። በአያቴ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ በር ሲጠየቅ ከዚያ በር ወጥቶ ስላልተመለሰ ልጅ ሊያነሳ ይችላል። አያቴ አንድ ቀን «እሱን ተወው» አሉ። መቅረጫውን ዘጋሁ፤ ከዚያ በፊት የተቀረጸውንም አልተጠቀምኩበትም።

መጀመሪያ ለባለታሪኩ አሳዩ

ለመምህራችሁ ከማሳየታችሁ በፊት ለእሳቸው አሳዩ፤ ስታሳዩም አስፈቅዳችሁ መቅረጫውን ክፈቱ። አያቴ ጎንበስ ያሉበት ጋ ሲደርስ «ምን ሆኜ ነው እዚያ?» ብለው ጠየቁ። ጓዳው እኮ ነው አልኳቸው። «ውይ፣ ጉበኑ!» አሉና ግንባራቸውን ያዙ። የፊልሙ የመጨረሻ ሃያ ሰከንድ ያ ድምፅ ነው፤ በጥቁር ስክሪን ላይ።