በረዶ በጣለ ቀን ውሻ ይዞ ገጠር ለመውጣት

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ነጭ ሲሆን፣ ገና ጫማችሁን ሳታጠልቁ ውሻችሁ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ጭራው አያርፍም። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ይሄ ደስታው እንዳያሳስታችሁ። ውሻ ሲበርደው "በቃኝ፣ እንመለስ" አይልም፤ እግሩ እየደነዘዘ እንኳ ዱላ ከወረወራችሁለት ተከትሎት ይሮጣል። ስለዚህ ምን ያህል እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ውሻ እወቁት። ሀስኪና ማላሙት የሚባሉት የብርድ አገር የውሻ ዝርያዎች ድርብ ፀጉር አላቸው፤ ከላይ ሻካራ ነው፣ ከስሩ ደግሞ ጥጥ የመሰለ፣ ሙቀት የሚይዝ። እነሱ በረዶ ላይ ተኝተው ቢያንቀላፉም አይገርምም። ቺዋዋ ወይም ግሬይሀውንድ ግን ፀጉሩ ስስ ነው፣ ከቆዳው ስርም ብዙ ስብ የለውም። ትንሽ ውሻ ደግሞ ሆዱ በረዶውን እየነካ ነው የሚሄደው። ቡችላና ያረጀ ውሻም ቶሎ ይበርዳቸዋል፤ መገጣጠሚያው የሚያመው ሽማግሌ ውሻ በብርድ ቀን ይብስበታል። ለእነዚህ ሁሉ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድ ልብስ አልብሷቸው፣ መንገዱንም አሳጥሩት። ልብሱ ደረትና ሆድ የሚሸፍን፣ ውሃ የማያስገባ ይሁን። አንዴ ከራሰ ግን አውልቁለት፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ ከሚሄድ ባይለብስ ይሻለዋል። ነፋሱንም አትርሱ፤ ነፋስ ካለ ስልካችሁ ላይ ከምታዩት ዲግሪ በላይ ነው የሚበርደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መዳፉ። የውሻ መዳፍ በጣም ይገርመኛል። ሞቅ ያለ ደም ወደ መዳፉ የሚወስዱት የደም ስሮች፣ ቀዝቅዞ የሚመለሰውን ደም ከሚያመጡት ጋር ተጠጋግተው ነው የሚያልፉት፤ የሚመለሰው ደም ገና እዚያው እግሩ ውስጥ ይሞቃል ማለት ነው። እኛ በባዶ እግራችን አንድ ደቂቃ በማንቆምበት በረዶ ላይ እሱ ደህና የሚሄደው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በጣቶቹ መሀል ያለው ፀጉር ነው። በረዶው ፀጉሩ ላይ ይለጠፋል፣ በመዳፉ ሙቀት ትንሽ ይቀልጣል፣ መልሶ ይረጋል፣ በላዩ ላይ ሌላ ይደረብበታል። እንዲህ እያለ ይጠነክርና በየእርምጃው እንደ ጠጠር ይወጋዋል።

አንድ ቀን የኔ ውሻ ሜዳው መሀል ቁጭ ብሎ የፊት እግሩን መንከስ ጀመረ። እልኸኛ ሆኖብኝ መስሎኝ ገመዱን ጎተትኩት፤ አልነሳም አለ። ተንበርክኬ መዳፉን ገልበጥ ሳደርገው በሁለቱ መካከለኛ ጣቶች መሀል የአተር ፍሬ የምታክል በረዶ ተቀርቅራለች፤ ዙሪያዋ ፀጉር ተጠምጥሞባት እንደ ድንጋይ ጠንክራለች። ስቤ ላወጣት ስል ፀጉሩ አብሮ ተሳበና ጮኸ። ጓንቴን አውልቄ በሁለት ጣቴ ያዝኳት። ጣቴ እስኪደነዝዝ ድረስ ቆየሁ፤ ከዚያ ለስለስ ብላ በራሷ ወጣች። ተነስቶ ሮጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይጠይቀኝ በየአስርና አስራ አምስት ደቂቃው ቆም ብዬ አራቱንም እግሮቹን አያለሁ። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ፤ እስኪያነክስ አትጠብቁ። በረዶውንም አትሳቡት፣ በእጃችሁ ሙቀት አቅልጡት።

እንዳይሠራ ለመከላከል ደግሞ በዋዜማው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መቀስ በጣቶቹ መሀል ያለውን ፀጉር ከመዳፉ ጋር እኩል አድርጋችሁ ከርክሙት። ከመውጣታችሁ በፊት ለውሻ መዳፍ የሚሠራውን ሰም፣ ከሌለ ቫዝሊን፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ጫማ ማድረግ ከፈለጋችሁ በረዶው ከመምጣቱ በፊት ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ አለማምዱት። መጀመሪያ እግሩን ከፍ ከፍ እያደረገ ግራ ይገባዋል፣ በኋላ ይለምደዋል። ማሰሪያውን ግን አታጥብቁት፤ ደም ካልተዘዋወረ እግሩ ይብሱን ይቀዘቅዛል።

ቦርሳችሁ ውስጥ ፎጣ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ትንሽ ምግብ፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ይኑር። ስልካችሁን ወደ ሰውነታችሁ የሚጠጋ ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ በብርድ ቻርጁ ቶሎ ያልቃል። ውሃ የምትይዙት በረዶ እየበላ ጥሙን እንዳያስታግስ ነው፤ ትንሽ ቢልስ ምንም አይሆንም፣ ብዙ ከበላ ግን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ሆዱም ይረበሻል። የመንገድ ዳር በረዶ ደግሞ ጨው ሊኖረው ስለሚችል ጭራሽ አይንካው።

ገመዱን ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። አዲስ የወረደ በረዶ በመሀሉ ብዙ አየር ስላለው ድምፅ ይውጣል፤ ያ ደስ የሚል ጸጥታ የሚመጣው ከዚያ ነው። እናንተ ስሙን ስትጠሩት ግን ሩቅ አይሰማም። የሚያውቀው ሽታም በረዶው ስር ተቀብሯል፣ ስለዚህ እየሸተተ መንገዱን መልሶ ማግኘት ይከብደዋል። ፊሽካ ከድምፃችሁ ይሻላል። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ነገር ይኑር፣ መብራት ወይም የሚያንጸባርቅ ሰደሪያም ጥሩ ነው። በግ ወይም የዱር እንስሳ ባለበት ግን ገመዱ በፍጹም አይፈታ። በዚህ በረዶ በሚጥልበት ወቅት ብዙ በጎች እርጉዝ ናቸው፤ ውሻ ካባረራቸው ሊያስወርዳቸው ይችላል። አጋዘኑም ቢሆን ምግብ በሌለበት ወቅት ያጠራቀመውን ጉልበት በከንቱ ይጨርሳል።

በረዶ የሸፈነውን መሬት አትመኑ። ነፋስ ጠርጎ ያከማቸው ቁልል ስር ቦይ ሊኖር ይችላል፣ የወደቀ የሽቦ አጥርም እንዲሁ። በረዶው የውሻውን ደረት የሚደርስ ከሆነ እየዘለለ ነው የሚሄደው፣ ያ ደግሞ እንደ ሩጫ ያደክማል። ሁልጊዜ የምትሄዱትን መንገድ ግማሹን ብቻ አቅዱ። ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀበሉት፣ ስትመለሱ ከኋላችሁ ይሁን፤ ሲደክማችሁና ሲበርዳችሁ ከነፋስ ጋር አትታገሉም። ቀኑ አጭር ስለሆነም እኩለ ቀን አካባቢ ውጡ። ዱካዬን ተከትዬ እመለሳለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፣ መጣል ከጀመረ ዱካችሁን ቶሎ ይሞላዋል።

በረዶ የሠራ ሐይቅ ወይም ወንዝ ላይ እንዳይወጣ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ለአንድ እግረኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥርት ያለ ጠንካራ በረዶ ነው፤ በላዩ ነጭ በረዶ ከተነጠፈበት ግን ጥርት ያለ ይሁን አይሁን ማየት አትችሉም። የተነጠፈው በረዶ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሆን ከስሩ ያለው ቶሎ አይወፍርም። የሚፈስ ውሃ ላይ ይብሳል። ውሻው ቢሰጥም ልባችሁ እንደሚሰበር አውቃለሁ፣ ግን አትከተሉት። ውሻቸውን ለማዳን ገብተው ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች አሉ። ዳር ላይ ሆናችሁ የአደጋ ጊዜ እርዳታ ጥሩ፣ ወደ ገባበት አቅጣጫ ተመልሶ እንዲዋኝም እየጠራችሁ አበረታቱት።

መቼ ነው የምትመለሱት? እግሩን እያፈራረቀ ሲያነሳ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ ጭራውን ሲሸጉጥ፣ ወይም ከፊታችሁ ሲሮጥ የነበረው ከኋላችሁ መከተል ሲጀምር ተመለሱ። "እዚያ ዛፍ ድረስ ብቻ" አትበሉ። የሚያስፈራው ደግሞ መንቀጥቀጡ ቆሞ መንገዳገድና መፍዘዝ ሲጀምር ነው። ሻለው ብላችሁ እንዳትታለሉ፣ ሰውነቱ መሞቅ እያቃተው ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ37 በታች ከወረደ አደጋ ነው። በፎጣና በጃኬታችሁ ጠቅልላችሁ፣ ከቻላችሁ ተሸክማችሁ፣ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ቤት ስትደርሱ መዳፎቹን ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር። መንገድ ላይ የረገጠው ጨው ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ከላሰውም ሆዱን ያመዋል። ከጨው የሚከፋው አንቲፍሪዝ ነው፤ የመኪና ራዲያተር ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ ማለት ነው። የመኪና ማቆሚያ አካባቢ ይንጠባጠባል፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ትንሹም ኩላሊት ያበላሻል። የላሰ ከመሰላችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እግሩና ሆዱ ላይ የተንጠለጠለውን በረዶም በለብታ ውሃ አቅልጡት፣ ከዚያ እስኪደርቅ ድረስ በፎጣ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁት።

የጆሮውን ጫፍ፣ የጭራውን ጫፍና ጣቶቹን በደንብ እዩ። ቆዳው ከነጣ ወይም ግራጫ ከመሰለ፣ ሲነካም ከቀዘቀዘ፣ ውርጭ መትቶታል ማለት ነው። አትሹት፣ ማሸት ቆዳውን ይጎዳዋል። ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብላችሁ አሙቁትና ሐኪም ጥሩ። በማግስቱ ጠዋትም እነዚህኑ ቦታዎች ድጋሚ እዩ፤ የውርጭ ጉዳት አንዳንዴ የሚታየው ከቀናት በኋላ ቆዳው ሲጠቁር ነው።