የሕፃኑን ዓይን ለማትረፍ ሲባል የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሬቲኖብላስቶማ በዓይን ውስጠኛ የኋላ ግድግዳ፣ በሬቲና ላይ የሚበቅል ካንሰር ነው። በብዛት የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። ዛሬ ዓይናቸው ሳይወጣ፣ ጨረርም ሳያስፈልጋቸው የሚድኑ ልጆች አሉ። የሐኪሞቹ ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም፦ መጀመሪያ ሕይወት፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያ እይታ። ስህተቱ የሚበዛው ይህ ሲገለበጥ ነው።

ነጩን ነጸብራቅ ማቃለል። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ አንዱ ዓይን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ሲያበራ «የካሜራው ነው» ይባላል። ልጁ ሸውራራ ሲሆን ደግሞ «ሲያድግ ይስተካከላል»። ሁለቱም የበሽታው ዋና ምልክቶች ናቸው። ጠብታ ተቀብሎ መመለስ አይበቃም፤ ብሌኑ በመድኃኒት ሰፍቶ የዓይኑ ውስጥ መታየት አለበት። ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ ጠበሉን ይተው የሚል የለም፤ ሕክምናውን ግን «ጠበሉን ስንጨርስ» ብሎ አያቆየው።

በመርፌ ናሙና ይወሰድ ማለት። ለሌላ ካንሰር የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን መርፌው የካንሰሩን ሴሎች ከዓይን ውጭ ሊዘራ ይችላል። በሽታው የሚለየው በምርመራና በምስል ነው።

ኬሞቴራፒ (ካንሰርን የሚገድል መድኃኒት) ብቻውን ይጨርሰዋል ብሎ ማሰብ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተለመደው ቪንክሪስቲን፣ ኢቶፖሳይድና ካርቦፕላቲን አብረው የሚሰጡበት ሕክምና ዕጢውን ያሳንሰዋል። የቀረውን የሚያጠፋው ሌዘር ወይም በቅዝቃዜ ማቃጠል ነው። ነጩ ነጸብራቅ ስለጠፋ ቀጠሮ ማቋረጥ ለተረፉት ሴሎች ዕድል መስጠት ነው። በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ አብራምሰንና ጎቢን የተባሉ ሐኪሞች ከብሽሽት የገባ ቀጭን ቱቦ ዓይንን እስከሚመግበው የደም ሥር አድርሰው ሜልፋላን የተባለውን መድኃኒት በቀጥታ መስጠት ጀመሩ። ብዙ ዓይን ተርፎበታል። ነገር ግን የሠለጠነ ቡድንና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። ለዚህ ሕክምና ውጭ አገር ለመሄድ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ወራት ማሳለፍ፣ ሊተርፍ የሚችለውን ዓይን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ሊያሳጣ ይችላል።

ጨረርን ሁሉ እንደ አንድ መቁጠር። ፍርሃቱ መሠረት አለው። የዚህ በሽታ መነሻ በሆነው አርቢ1 (RB1) በተባለ ጂን ላይ ለውጥ ይዘው የተወለዱ ልጆች፣ በተለይ 1 ዓመት ሳይሞላቸው ከሰውነት ውጭ ባለ መሣሪያ የሚሰጥ ጨረር ከወሰዱ፣ በኋላ የአጥንትና ሌሎች ካንሰሮች ይበዙባቸዋል። ስለዚህ ይህ ሕክምና ወደ መጨረሻ አማራጭነት ወርዷል። በዓይን ግድግዳ ላይ ለቀናት ብቻ ተሰፍታ የምትወጣው ትንሽ ጨረር ሰጪ ሳህን ግን ሌላ ነገር ናት፤ ጨረሯ ዕጢው አካባቢ ይቀራል። ለምስል ምርመራም ጨረር የማይጠቀመው ኤምአርአይ ካለ ጨረር ከሚጠቀመው ሲቲ ስካን ይመረጣል።

ማየት ያቆመን፣ በዕጢ የተሞላ ዓይን አናስወጣም ማለት። ለወላጅ ይህን መስማት እጅግ ከባድ ነው። እኔ ግን ሐኪሙ «ይውጣ» ሲል መዘግየትን የሚያህል አደገኛ ስህተት አላውቅም፤ ካንሰሩ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መሄድ ይችላልና። «እስቲ ኬሞ ይሞከር» እያሉ መቆየትም መስፋፋቱን ሊደብቅ ይችላል። የወጣው ዓይን ይመረመራል፤ ነርቩ ከካንሰር ነጻ መሆኑ የሚታወቀውም ያኔ ነው። ቁስሉ ሲድን ሰው ሠራሽ ዓይን ይገባል፣ ልጁ ይማራል፣ ይጫወታል።

ሌላውን ዓይንና ወንድም እህቶቹን መርሳት። በሽታው በዘር የሚተላለፍበት ጊዜ አለና ሁለተኛው ዓይን በየቀጠሮው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማደንዘዣ፣ ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚወለድ ሕፃንም ምልክት እስኪያሳይ አይጠበቅም፤ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመርመር።